በእርሳስ የተሞላው ቅጽ

ሐዋሳ፣ ታቦር
ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሶሊያና ምንያህል
አዳማ

ሶሊዬ፣

ሐሙስ ዕለት ደውለሽ «አባዬ፣ ቅጹ ደረሰህ?» ስትዪኝ «ደርሷል፣ እያየሁት ነው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁብሽ። ኋላ «ኔትወርክ ነው» ያልኩሽ ውሸት ነው። ኔትወርኩ ደህና ነበር። የምለው ጠፍቶኝ ነው የዘጋሁት። ሠላሳ ስምንት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ነገሩን በወረቀት ላይ ካላየው ያለ አይመስለውም፤ ስለዚህ ይኸው ጻፍኩልሽ። ረጅም ነው። እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እንዳትደውዪልኝ፣ አደራ።

እኔ ደህና ነኝ። ደህና ስል እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ ማለቴ ነው። እናትሽ ካረፈች ታኅሣሥ ላይ ሁለት ዓመት ይሞላል። በቀብሯ ዕለት ሳላለቅስ ስቀር ሰዉ «ጠንካራ ነው» አለኝ። ጥንካሬ አልነበረም። በእጅሽ ላይ ተኝተሽበት ስትነቂ እጁ ያንቺ አይመስልሽም አይደል? እኔን ሙሉ በሙሉ እንደዚያ ነው ያደረገኝ፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም። ቅዳሴ ላይ ድሮ ደረቴ ላይ የሚመጣው ነገር አሁን አይመጣም። እቆማለሁ ግን። እግሬ መንገዱን ያውቀዋል።

ኑሪያ አሁንም ምሳ ትልክልኛለች። አጥር የተጋራን ጎረቤት ብቻ ሳትሆን ጠባቂዬም ሆናለች። ረቡዕና ዓርብ ጾም መሆኑን እኔ ብረሳ እሷ አትረሳም። ባለፈው ወር ሽሮ አምጥታ እስክቀምሰው ቆመች።

«ጋሽ ምንያህል፣ እንዴት ነው?»

«ይጣፍጣል፤ እጅሽን ይባርከው።»

«ጨውስ?»

«ልክ ነው።»

«ኧረ ጨው እኮ አልጨመርኩበትም! አሁን ነው ትዝ ያለኝ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን አቆመች። ሳህኑን ይዛ ሄዳ ጨው ጨምራበት ተመለሰች። ልዩነቱን አላወቅሁትም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ከቅጹ ጋር የላክሽው ማስታወሻ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እንደ ልማዴ ቃል በቃል ልገልብጠው፦ «አባዬ፣ ሥነ ምድር ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ለመማር አዲስ አበባ ተቀብለውኛል። ምዝገባው ኅዳር 23 ያበቃል። ግን እፈራለሁ። እግዚአብሔር ፋርማሲን መርጦልኝ ነበር፤ በሃያ ስምንት ዓመቴ የሱን ምርጫ ትቼ የራሴን ብከተል ጥጋብ እንዳይሆንብኝ። አንተ ከፈቀድክ ቅጹን እንደ ድሮው በእስክሪብቶ አድምቅልኝና ላክልኝ። ካልፈቀድክ እርሳሱን እንዳለ መልስልኝ፤ ይገባኛል፣ ሥራዬን እቀጥላለሁ።»

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ላደምቀው ተቀምጬ ነበር። እውነቴን ነው። ጥቁሩን እስክሪብቶ ከፍቼ፣ ወረቀቱን አስተካክዬ፣ «ሶሊያና» የሚለው «ሶ» ላይ ደርሼ ነበር። ባደምቀው ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። አንቺ ደስ ይልሽ ነበር፤ እኔም ደግ አባት እንደሆንኩ እቀር ነበር። ግን «እግዚአብሔር መርጦልኝ ነበር» የምትለዋ ቃል አለች። እስክሪብቶውን ከደንኩት።

ማክሰኞ ደግሞ የጡረተኞች ማኅበራችን ሥልጠና ጠራን። ግድግዳው ላይ «አዎንታዊ አስተሳሰብና የራስን መንገድ መምረጥ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ለጡረተኛ! ከሃምሳ በላይ ሽማግሌና አሮጊት ላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድረን ስንጠብቅ ኤልናታን የሚባል፣ ጫማውን ያለ ካልሲ ያደረገ ወጣት አሠልጣኝ መጣ።

«አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆማችሁ ‹ዛሬ ጥሩ ቀን ነው፣ እኔ እችላለሁ› በሉ!»

ወይዘሮ ፀሐይ፣ ድሮ ቴሌ ትሠራ የነበረችው፣ እጇን አወጣች። «ልጄ፣ መስታወቱ ‹ምኑን?› ቢለኝስ?»

ሰዉ ሳቀ፤ ኤልናታንም አብሮ ሳቀ። ደግ ልጅ ነው፤ ልቀልድበት አይደለም የምጽፍልሽ። ከዚያ ወረቀት አደለን። «በሕይወቴ እኔ ራሴ የመረጥኳቸው ሦስት ነገሮች» ይላል፤ ከሥሩ ሦስት ባዶ መስመር።

«ባሌን መርጫለሁ» አለች ፀሐይ ጮክ ብላ። «ስህተትም ይጻፋል እንዴ?»

እኔ ወረቀቱን አየሁት። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርት እንዳቆም የመረጠው አባቴ ነው። መዝገብ ቤት እንድገባ የመረጠው የምደባ ኮሚቴ ነው። ከደብረ ብርሃን ሐዋሳ ያመጣኝ መንግሥት ነው። እናትሽንም ብትሆን አጎቴ ነው ያየልኝ፤ ነፍሱን ይማረው፣ ከሁሉም የተሻለውን እሱ መረጠ። መስመሮቹ ባዶ ሊቀሩ ነው ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ማንም ሳያዘኝ፣ ማንንም ሳላማክር፣ በገዛ እጄ የመረጥኩት አንድ ነገር። ግን ለራሴ ሕይወት አልነበረም የመረጥኩት።

ኤልናታን በአጠገቤ ሲያልፍ ጎንበስ አለ። «አባቴ፣ ወረቀትዎ ባዶ ነው እኮ። አይፍሩ፣ ትንሽ ነገርም ቢሆን ይጻፉ።»

«ትንሽ አይደለም» አልኩት።

«ታዲያ ይበልጥ ጥሩ!» ብሎ ትከሻዬን መታ አድርጎኝ አለፈ።

ረቡዕ ጠዋት መስታወት ፊት ቆምኩ። «እችላለሁ» ማለት አፈርኩ። ጺሜን መላጨት እንዳለብኝ ብቻ አየሁ። ተላጨሁ።

አሁን ልንገርሽ።

በቤታችን ቅጽ ሁሉ አስቀድሞ በእርሳስ እንደሚሞላ ታውቂያለሽ። እኔ በላዩ ላይ በእስክሪብቶ እሄድበታለሁ፤ ከዚያ እርሳሱን አጠፋለሁ። የእድር መዝገብ ይሁን፣ የጎረቤት ልጅ የትምህርት ቤት መመዝገቢያ ይሁን ለእኔ ይመጣል። «የአባዬ እጅ ማተሚያ ቤት ነው» ትዪ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ምርጫሽንም እንደዚሁ በእርሳስ ሞልተሽ ሰጠሽኝ። ፊርማሽን ብቻ አስቀድመሽ በእስክሪብቶ ፈርመሽ ነበር። አንደኛ ላይ ሥነ ምድር፣ አራተኛ ላይ ፋርማሲ ነበር የጻፍሽው።

እኔ ላጲስ አነሳሁ።

አንደኛውንና አራተኛውን አቀያየርኳቸው። አደመቅኩት። የላጲሱን ፍርፋሪ በመዳፌ ጠርጌ በመስኮት ጣልኩት። እናትሽ ገበያ ነበረች፤ እስክትሞት ድረስ አላወቀችም። ወረቀቱን ራሴ ወስጄ ለትምህርት ቤትሽ አስረከብኩ።

ምደባው ሲመጣ በረንዳው ላይ ተቀምጠሽ «አባዬ፣ ይህን ሁሉ ውጤት አምጥቼ እንዴት አራተኛ ምርጫዬ ይደርሰኛል?» ስትዪኝ «የሚመድበው ኮምፒውተር ነው» አልኩሽ። አቤቱታ በእርሳስ ጻፍሽ፤ እሱንም አደመቅኩልሽ። ከመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤዎች ጋር እልከዋለሁ ብዬ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። አልላክሁትም። በሠላሳ ስምንት ዓመት አገልግሎቴ አንድ ደብዳቤ አልጠፋብኝም ብዬ በጡረታ መሸኛዬ ቀን ሲጨበጨብልኝ ትዝ ይልሻል? አንቺም አጨብጭበሻል።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስመለስ በር ላይ እየጠበቅሽ «መለሱ?» ትዪኝ ነበር። «ገና ነው» እልሽ ነበር። በአራተኛው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ነጠላሽን እያጣጠፍሽ «በቃ አባዬ፣ እግዚአብሔር የመረጠልኝ ይሆናል» አልሽኝ።

«አሜን» አልኩሽ።

ቅጹን መቀየሬ አንድ ነገር ነው፤ አቤቱታውን መደበቄም ሌላ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ያቺ «አሜን» ናት። የእኔን ሥራ በእሱ ስም ፈረምኩበት። አሥር ዓመት ሙሉ በማትወጂው ትምህርትና ሥራ «ፈቃዱ ነው» እያልሽ ስትቆሚ የታገሥሽው የሱን ፈቃድ አልነበረም። የእኔን ላጲስ ነው።

ለምን አደረግሁት? ይህን ሳምንት ደጋግሜ ራሴን ጠየቅሁ። «ለምን?» ብትዪኝ የምሰጥሽ መልስ ድሮ ተዘጋጅቶ ነበር፦ ሥነ ምድር ያጠና ሰው በረሃ ለበረሃ ይንከራተታል፣ አንዲት ሴት ልጄ ናት፣ ለደህንነቷ ነው የሚል። ውሸት አይደለም፤ ግን ሙሉው እውነትም አይደለም። በዚያን ጊዜ ታቦር ላይ ከቤታችን በእግር የሚደረስባቸውን መድኃኒት ቤቶች ቆጥሬ ነበር። አራት ነበሩ። ከአራቱ በአንዱ ብትቀጠር ምሳዋን ቤት ትበላለች ብዬ ነው። ለእኔ ነበር፣ ሶሊዬ። ሥራው ደግሞ አዳማ ወሰደሽ።

እናትሽ ስትታመም የእያንዳንዱን መድኃኒት ሰዓት በስልክ የምታስረጂን አንቺ ነበርሽ። እሷ «ይህችን ልጅ እግዚአብሔር ለዚህ ነው ፋርማሲ ያስገባልኝ» ትል ነበር። ያኔ በልቤ «ልክ ነበርኩ» አልኩ። ይህንንም እንድታውቂው ነው። የእሷን በሽታ ለራሴ ምስክር አድርጌ ተጠቀምኩበት።

ይህን ሁሉ ስጽፍ የሚያቃጥል ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተሰማኝም። ዶሴ እንደምገለብጥ ነው የምጽፈው። ቢያቃጥለኝ ይሻል ነበር፤ ሰው የሚያዝንበትን ነገር ቀዝቅዞ መናገር ሌላ በደል ይመስለኛል። ግን እስኪሰማኝ ብጠብቅ ምዝገባው ያልፍብሻል።

ትናንት ሚካኤል ነበር። ታቦቱ ከገባ በኋላ ንስሐ አባቴን መምሬ ወልደጻድቅን ከዛፍ ሥር ለብቻቸው አገኘኋቸውና ነገርኳቸው።

«ስግደት ይስጡኝ፣ መምሬ» አልኳቸው።

«ጉልበትህ ነው እንዴ የበደለው?» አሉኝ። «አንተ ደክሞህ መተኛት ነው የምትፈልገው። ልጅቷ ግን አልሰማችም። ለእሷ ነግረህ ና፤ ስግደቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።»

«ብትቀየመኝስ? ከሷ ሌላ የለኝም እኮ።»

«ትቀየማ! እሱንም አንተ ልትመርጥላት ነው?»

መስቀላቸውን ተሳልሜ በእግሬ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም። አሞራ ገደል ዓሣ የሚያወርዱበት ጋ ቆሜ ውኃውን ሳይ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ከታቦር ተራራ ሥር የለቀምሻቸውን ድንጋዮች በፌስታል ይዘሽ ካልወሰድከኝ ብለሽ አልቅሰሽ ነው ያመጣሁሽ። ያንን ግራጫውን፣ ሸካራውን ድንጋይ ውኃው ላይ አስቀመጥሽው፤ ሳይሰምጥ ቀረ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባው ላይ ሆኖ «ጋሼ፣ ልጅህ ድንጋይ ዋና እያስተማረች ነው! ነገ ዓሣዬን ዛፍ ላይ እንዳታስወጣብኝ!» ብሎ ሲጮህ ሁሉም ሳቀ። እኔ አፈርኩ፤ እጅሽን ይዤ ልጎትትሽ ስል አንቺ ምንም አላፈርሽም። «አባዬ፣ ውስጡ እኮ ሁሉ ቀዳዳ ነው። ከእሳት ስለወጣ ነው» አልሽኝ። ፊትሽ ላይ የነበረውን ነገር ከዚያ በኋላ በምረቃሽ ቀን እንኳ አላየሁትም። ያን ዕለት አይቼዋለሁ። አላየሁትም ማለት አልችልም።

እዚህ ላይ ስደርስ ኑሪያ ምሳ ይዛ ገባች። ምስር ወጥ ነበር። አንድ ጉርሻ ጎርሼ አቆምኩ።

«ምነው?» አለች።

«ኑሪያ፣ ጨው አልበዛም?»

ቀመሰችው። «ወላሂ በዝቷል!» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አልሐምዱሊላህ! ጋሽ ምንያህል ጨው አወቁ!» ሰው ጨው በዛ ተብሎ እንደዚህ ሲደሰት አይቼ አላውቅም። ሌላ አትጠብቂብኝ፤ የተሰማኝ ይህ ብቻ ነው። ጨው። ወጡን ግን ጨረስኩት።

የኑሪያ እህት ሰኞ ወደ አዳማ ስለምትሄድ ፖስታውን በእጇ ታደርስልሻለች። ውስጡ ሦስት ነገር ታገኛለሽ። አንደኛው በ2008 የጻፍሽው አቤቱታ ነው፤ እንደታጠፈ ነው፣ ኮቴን በለወጥኩ ቁጥር አብሮኝ ሲዞር ኖሯል። ሁለተኛው ቅጽሽ ነው። እርሳሱን እንዳለ ነው የመለስኩት። ደንግጠሽ እንዳትዘጊው! አልፈቀድኩም ማለቴ አይደለም። ካሁን በኋላ በአንቺ ወረቀት ላይ እጄን አላሳርፍም ማለቴ ነው። ሦስተኛው እስክሪብቶዬ ነው፤ ጥቁሩ። ቀለሙ ገና አላለቀም። ራስሽ አድምቂው። ወይም አጥፊው። ፋርማሲው ላይ እቆያለሁ ብትዪም መልካም ነው፤ ያኔ ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ ያንቺ ይሆናል። ብቻ እግዚአብሔር ይቀየመኛል ብለሽ አትፍሪ። እሱ በዚያ ቅጽ ላይ አልነበረበትም። እኔ ብቻዬን ነበርኩ።

አንቺ በኔ ብትቀየሚ ይገባሻል። መቼ እንደሚበቃሽም አልጠይቅሽም። ታኅሣሥ 18 የእናትሽ ሁለተኛ ሙት ዓመት ነው። ሰው አላበዛም፤ መምሬና የኑሪያ ቤተሰብ፣ ጥቂት የእድር ሰዎች። ነይ ማለት ይከብደኛል። ቀኑን ግን ጻፍኩልሽ። የበሩ ቁልፍ ያው ድሮው ቦታ ነው።

የአባት ምርቃት ከእንደኔ ዓይነቱም ሰው ተቀባይነት ካለው፦ በመረጥሽው መንገድ እንቅፋት አይንካሽ። በረሃም ብትወጪ ውኃና ጥላ አይጥፋሽ፤ ቤትም ብትቀመጪ ሰላም አይጥፋሽ። የምትፈርሚበትን የምታነቢ ሁኚ። የሚካኤል ክንፍ ይጋርድሽ።

አባትሽ
ምንያህል

ማስታወሻ፦ ከሐይቁ በኩል ነፋስ እየገባ ወረቀቱን ሲያስቸግረኝ ነው የዋለው። ጥጉ ላይ ጭረት ካየሽ ድንጋይ ጭኜበት ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ «ጣላቸው፣ ምን ያደርጉልኛል» ያልሽኝና እኔም «ጣልኳቸው» ያልኩሽ ድንጋዮች አልጋዬ ሥር በቆርቆሮው ሣጥን ውስጥ አሉ። ይህም ውሸት ነበር። ዛሬ ጠዋት ግራጫውን አውጥቼ በሳህን ውኃ ላይ አስቀመጥኩት። አሁንም ይንሳፈፋል።